የኤልዛቤት ሂኮክስ ሙዳዮች፦ አንድ ቤተሰብ፣ አንዲት ቅርጫት ገዢና መቃጠል ያቆመው ተራራ

አንዳንዶቹ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። መደባቸው ጥቁር ነው። ጥቁሩ ላይ ቢጫ ጌጥ እየተሰባበረ ይዞራል። ክዳናቸው መሀል ላይ ረዘም ብሎ የቆመ ጉልላት አለ። ሥራው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ራቅ ብሎ ያያቸው ሰው ቀለም የተቀቡ ይመስሉታል። የተቀባ ነገር ግን የለም። ጥቁሩ ፈርን የሚባል ተክል አገዳ ነው፤ ቢጫው የጃርት እሾህ ነው።

እነዚህን ሙዳዮች የሠራችው ኤልዛቤት ሂኮክስ ትባላለች። በ1870ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በሰሜን ካሊፎርኒያ ተወልዳ በ1947 አረፈች። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የቅርጫት ጥበብ የሚያጠኑ ሰዎች በዘመኗ ከነበሩት ምርጦች ተርታ ያሰልፏታል። ሥራዎቿ ዛሬ የስሚዝሶኒያኑን የአሜሪካ ሕንዶች ብሔራዊ ሙዚየም ጨምሮ በትልልቅ ሙዚየሞች ይገኛሉ። (እዚህ ሕንዶች ሲባል የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ማለት ነው።)

ታሪኳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ወንዝ ዳር የምትኖር ባለ ሙያ ሴት ነበረች፤ ከከተማ አንዲት ነጋዴ መጣችና አገኘቻት፤ ስሟም ወጣ። ውሸት አይደለም። ግን ጎዶሎ ነው። የኤልዛቤትን ሥራ ያቆሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሙያውን የሚያስተላልፍ ቤተሰብ፣ ተረጋግቶ የሚሠራበት ጊዜ፣ እና በየጊዜው በእሳት የሚታደስ ተራራ። ስለ ሁለቱ ብዙ ተጽፏል። ሦስተኛው እየተዘለለ ኖሯል። ለእኔ ግን ጉዳዩ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ወንዙና ቤተሰቡ

የክላማት ወንዝ ከኦሪገን ተነሥቶ በተራራ መሀል እየተጠማዘዘ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይገባል። ካሩኮች የሚባሉት ነባር ሕዝብ የሚኖሩት ወንዙ መሀል ላይ ነው። ዛሬ ኦርሊንስ፣ ሶምስ ባርና ሃፒ ካምፕ የሚባሉት ትንንሽ ከተሞች ያሉበት አገር ማለት ነው። ከነሱ በታች ዩሮኮች አሉ። ሁፓዎች የሚኖሩት ወደ ክላማት በሚገባው በትሪኒቲ ወንዝ ዳር ነው። ዊዮቶች ደግሞ ወደ ባሕሩ ወርደው በሀምቦልት ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። ቋንቋቸው የተለያየ ነው። ካሩክኛና ዩሮክኛ እንኳ አይዛመዱም። የቅርጫት ሥራቸው ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚለቅሙት እጽዋት ያው ነው፤ አጎናጎኑም ያው ነው።

ኤልዛቤት በእናቷ ዊዮት ነበረች። አባቷ ሰፋሪ ነጭ ነበር። ያደገችውም ትዳር የያዘችውም በካሩክ አገር፣ የሳልሞን ወንዝ ከክላማት ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ባሏ ሉተር ሂኮክስ በከፊል ካሩክ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ጽሑፍ ዊዮት ይላታል፤ ሌላው ካሩክ ይላታል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በዚያ ወንዝ ላይ ሰው በጋብቻ ከመንደር ወደ መንደር ሲሄድ የኖረ ነው፤ ሙያም አብሮ ይሄዳል።

እናቷ ፖሊ ትባል ነበር። የፖሊ ትውልድ ያየው መከራ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ወርቅ ፈላጊዎች ወደ ክላማት የደረሱት በ1850 እና 51 ነው። በ1852 የካሩክ መንደሮች ተቃጠሉ። የአሜሪካ መንግሥት ወኪሎች በ1851 እና 52 ከካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች ጋር 18 ውሎች ተፈራረሙ። ሴኔቱ አንዱንም አላጸደቀም፤ ሰነዶቹንም በምስጢር ቆለፈባቸው። ካሩኮች በውል የተጠበቀ መሬት ሳይኖራቸው ቀሩ። ዊዮቶች ላይ የደረሰው ደግሞ የባሰ ነው። የካቲት 26 ቀን 1860 ሌሊት፣ ዩሬካ ከተማ ፊት ለፊት ባለችው ደሴት ላይ ለበዓል የተሰበሰቡ ዊዮቶች ተጨፈጨፉ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ።

ኤልዛቤት የተወለደችው ከዚህ በኋላ ነው። ከነባር ሴቶችና ከነጭ ሰፋሪዎች የተወለዱ ልጆች በዝተው ነበር። ብዙዎቹ የእናታቸውን ወገን ሙያ ይዘው አደጉ። ፖሊም ቅርጫት ትጎነጉን ነበር። በዚያ አገር ሴት ልጅ ሙያውን የምትለምደው ከእናቷና ከአያቷ እግር ሥር ተቀምጣ፣ እያየች ነው። መጀመሪያ እንጨት መላጥ ይሰጣታል፤ ቀጥሎ መምረጥ። መጎንጎኑ በመጨረሻ የሚመጣ ነው።

እጅ ውስጥ ያለው ሥራ

እዚህ ላይ ቀስ ማለት እፈልጋለሁ፤ ሥራውን ሳያውቁ ስለ ሴትየዋ መናገር ዋጋ የለውም።

እኛ አገር ስፌት በወስፌ ነው። አንዱ ሣር ውስጥ ውስጡን እየዞረ ይደራረባል፤ ሌላው በላዩ እየተጠቀለለ ይሰፋበታል። ክላማት ላይ ወስፌ የለም። መነሻው የተጠላለፉ ቀጫጭን ጭራሮዎች ናቸው። ከዚያ ሁለት ስስ የሥር ክሮች አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው፣ በየጭራሮው መሀል እርስ በርስ እየተፈተሉ ይዞራሉ። ቅርጫቱ ሲሰፋ ጭራሮ ይጨመራል፤ ሲጠብ ይቀነሳል። ጌጡ የሚመጣው ከክሩ ላይ ሌላ ስስ ሰንጥቅ ሲደረብ ነው። ሴትየዋ ፍተላውን ስትይዘው ጌጡ በውጭ በኩል ብቻ ይወጣል። ሙዳዩን ከፍቶ ውስጡን ያየ ሰው የሚያገኘው የሥሩን ቀለም ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ምን መሰላችሁ? ጭራሮ በተጨመረና በተቀነሰ ቁጥር የጌጡ ሒሳብ ይለወጣል። ከታች አሥር ጭራሮ ላይ ያረፈ ሦስት ማዕዘን ከላይ ስምንት ላይ ሊያርፍ ግድ ይሆንበታል። ጌጡ ዞሮ መነሻው ላይ ሳይዛነፍ መግጠም አለበት። ክዳኑ ለብቻው ይሠራል፤ ሲገጠም ግን ከአካሉ ጋር አንድ መሆን አለበት። ንድፉ ወረቀት ላይ የለም። ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው።

የእጽዋቱ ዝግጅት ከመጎንጎኑ የበለጠ ጊዜ ይበላል ቢባል ማጋነን አይደለም። ለጭራሮ ከሚሆኑት ዋናው ሄዝል የሚባል ቁጥቋጦ ነው። የሚለቀመው በጸደይ፣ ፈሳሹ ወደ ላይ ሲወጣና ልጣጩ በቀላሉ ሲለቅ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈው ልጣጩ ይጣበቃል፤ ዓመት መጠበቅ ነው። የተላጠው በፀሐይ ይደርቃል፤ በውፍረት በውፍረት ተለይቶ ይቀመጣል። ለክር የሚሆነው የአኻያ ሥር ከወንዙ ዳር አሸዋ ውስጥ ይቆፈራል። የጥድ ሥር ደግሞ መሬት ውስጥ በእሳት ተቀቅሎ ገና ትኩስ ሳለ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ አንዱ ጫፍ በጥርስ ይያዛል።

ነጩ ጌጥ የድብ ሣር ከሚሉት ተራራማ ሣር ይገኛል። ቀዩ የትልቁ ፈርን ውስጠኛ ክር ነው፤ በአልደር ዛፍ ልጣጭ ይነከራል። ድሮ ሴቶቹ ልጣጩን አኝከው ክሩን በአፋቸው ውስጥ ይጎትቱት ነበር። ጥቁሩ ጥላማ ጅረት ዳር ከሚበቅል ትንሽ ፈርን ነው። አገዳው አንዱ ጎኑ ጥቁር፣ ሌላው ጎኑ ቡናማ ነው። ለሁለት ተሰንጥቆ ጥቁሩ ብቻ ይወሰዳል። ይህ አገዳ ቶሎ ይሰበራል፤ በጣም ያስቸግራል። የጃርት እሾሁ ደግሞ ጥድ ላይ በሚበቅል ደማቅ ቢጫ የዛፍ ሽበት ይቀለማል።

አብዛኞቹ የክላማት ሴቶች ጥቁሩን ለጌጥ ነበር የሚጠቀሙበት። ኤልዛቤት ግን መደብ አደረገችው። ማለትም በጣም አስቸጋሪውን እቃ ሙዳዩን ሙሉ አለበሰችው፤ ቢጫውን እላዩ ላይ አስኬደችው። የእጇ ምልክት ይህ ነው፤ ከጉልላቱና ከጎኑ ኩርባ ጋር።

ገዢዋ

ግሬስ ኒኮልሰን በ1877 ፊላዴልፊያ ተወለደች። በ1901 ወደ ካሊፎርኒያ መጥታ ፓሳዲና ውስጥ የነባር ሕዝቦችን ሥራ የምትነግድበት ሱቅ ከፈተች። ጊዜው ለንግዱ የተመቸ ነበር። ከ1890ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ሀብታሞች የሕንድ ቅርጫት መሰብሰብ ፋሽን አድርገውት ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ጥግ ለዚሁ ይለቁ ነበር። ኒኮልሰን ዝም ብላ ሱቅ የምትጠብቅ አልነበረችም። ካሊፎርኒያን እየዞረች ከሠሪዎቹ በቀጥታ ትገዛለች፤ ፎቶ ታነሣለች፤ ማን ምን እንደሠራ ትመዘግባለች። ወረቀቶቿ ዛሬ ሳን ማሪኖ ባለው የሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ከኤልዛቤት ጋር የተገናኙት በ1908 ነው። ከዚያ በኋላ የእሷንና የልጇን የሉዊዝን ሥራ በቋሚነት ትገዛ ጀመር። ግዢው እስከ 1934 ቆየ። ሩብ ምዕተ ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኤልዛቤት በብዛት አልሠራችም። በዓመት የምታወጣው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ታሪኩን የሚያዛቡት እዚህ ጋ ነው። ነጋዴዋ ባትኖር ኖሮ ይህ ሥራ አይኖርም ይባላል። እስቲ ሌላ ጉዳይ አጠገቡ አስቀምጠን እንየው። በዚያው ዘመን ኔቫዳ ውስጥ ዳት ሶ ላ ሊ በሚል ስም የታወቀች የዋሾ ሕዝብ ቅርጫት ሠሪ ነበረች። ካርሰን ሲቲ ያለ ኤብ ኮን የሚባል ነጋዴ ቤትና ቀለብ እየሰጠ ሥራዋን ሁሉ ይወስድ ነበር። ገበያውን ለማሞቅም ስለ ሕይወቷና ስለ ጌጦቿ ትርጉም ያልነበረ ታሪክ ይፈጥር ነበር። የዳት ሶ ላ ሊ ጥበብ የማይካድ ነው፤ ኑሮዋ ግን በነጋዴው እጅ ነበር።

የኤልዛቤት ቤት እንዲህ አልነበረም። ሉተር የወርቅ ማውጫ ድርሻ ነበረው። በአካባቢውም የሰላም ዳኛ ሆኖ አገልግሏል። ሀብታሞች አልነበሩም፤ ግን የዕለት እንጀራቸው ሙዳይ ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም። ኤልዛቤት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ወንዟ ዳር ሆና፣ እስክትረካ ድረስ ትሠራለች። ገዢ የለኝም ብላ አትጨነቅም፤ ገዢ አለኝ ብላም አትቸኩልም። ይህ ለአንድ ባለ ሙያ ትልቅ ነገር ነው። የኒኮልሰን ገንዘብ ያመጣው ተጨማሪ ዋስትና ነው። መሠረቱ ግን ከሷ በፊት ነበር።

አንድ ክርክር አለ፤ ልለፈው አልችልም። ባለ ጉልላት ሙዳይ የክላማት የጥንት እቃ አይደለም ይላሉ። እውነት ነው። ካሩኮች ለራሳቸው የሚሠሩት ሌላ ነው፦ የሴቶች ቆብ፣ የሕፃን ማዘያ፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ ሾርባ በጋለ ድንጋይ የሚፈላበት ውኃ የማያፈስ ቅርጫት፣ የትንባሆ መያዣ፣ ለጭፈራ የሚያዝ ቅርጫት። ክዳን ያለው ጌጠኛ ሙዳይ የተስፋፋው ከገበያው ጋር ነው። ታዲያ የኤልዛቤት ሥራ የቱሪስት እቃ ነው ማለት ነው? በፍጹም አልስማማም። አጎናጎኑ የእናቷ ነው፤ እጽዋቱ የተራራው ናቸው፤ የጌጡ ሕግ የወንዙ ነው። ቅርጹን እሷ ወሰነች። ሕያው የሆነ ሙያ አዲስ ገዢ ሲመጣ አዲስ ነገር ይሠራል።

የአገሬው ሴቶች ራሳቸው ምን ያስቡ እንደነበር በጥቂቱም ቢሆን ተመዝግቧል። በ1929 ሊላ ኦኒል የምትባል የበርክሌይ ተማሪ የሙዚየም ቅርጫቶችን ፎቶ ይዛ ወደ ክላማት ሄደች። ከአርባ በላይ ለሚሆኑ የዩሮክና የካሩክ ሴቶች እያሳየች አስተያየታቸውን ጠየቀች። ሴቶቹ ምሕረት አልነበራቸውም። ይኼ ጌጥ የቆብ ነው፣ ማብሰያ ላይ ምን ይሠራል ይላሉ። ይኼኛው ክሩ ወፍሯል፣ ያኛው ጌጡ አልተመዛዘነም ይላሉ። ሙዚየሙ በመስታወት ያስቀመጠውን እነሱ ጥለው የሚያልፉት ነበር። ኤልዛቤት የምትሠራው እንዲህ ያለ ዓይን ባላቸው ሴቶች መሀል ነው። ሊቅ ብቻዋን ከጫካ ወጣች የሚባለው ወሬ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ሉዊዝ

ሉዊዝ በ1890ዎቹ ተወለደች። እናቷ አጠገብ ሆና ተማረች፤ አድጋም አጠገቧ ሠራች። ኒኮልሰን የሁለቱንም ሥራ በስም በስማቸው መመዝገቧ ትልቅ ውለታ ነው። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ነጋዴዎች የጎሳውን ስም ጽፈው የሴትየዋን ይተዉ ነበር። ዛሬ በየሙዚየሙ ሠሪዋ ያልታወቀች ተብሎ የተለጠፈው ቅርጫት ብዛት ያሳዝናል። እያንዳንዷ ስምም ቤተሰብም ነበራት።

እንግዲህ ሦስት ትውልድ ሆነ፦ ፖሊ፣ ኤልዛቤት፣ ሉዊዝ። ፖሊ ሙያውን ከጭፍጨፋው ዘመን አሻገረች። ኤልዛቤት ከፍ አደረገችው። ሉዊዝ የያዘችው ዘመን ግን የሚከብድ ነበር።

በ1929 የተጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ የሰብሳቢዎቹን ኪስ መታ። የቅርጫት ፋሽንም ከዚያ በፊት መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። ኒኮልሰን ራሷ ወደ እስያ ጥበብ ዞራ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ ፓሳዲና ውስጥ በቻይና ስልት ያሠራችው ሕንፃ ዛሬ የእስያ ጥበብ ሙዚየም ነው። በ1934 ግዢው ቆመ። ኤልዛቤት ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረች። ሉዊዝ እስከ 1960ዎቹ ነበረች። በዓመት ጥቂት ሙዳይ ብቻ ለሚወጣው ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚከፍል ሰው ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

በዚህ መሀል ትምህርት ቤቱም አለ። የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። ሁፓ ሸለቆ ውስጥ ነበረ፤ ኦሪገን ውስጥ ነበረ፤ ደቡብ ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ድረስ የተወሰዱም አሉ። ልጅቷ በጸደይ ቤት ከሌለች የሄዝል ለቀማውን አታይም። ሄዝሉን ካላየች ደግሞ የቀረውን መማር የሚጀመርበት ቦታ የለም።

ተራራው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ለቅርጫት የሚሆን ሄዝል ማንኛውም ሄዝል አይደለም። ቀጥ ያለ፣ ያልተቀጠለ፣ ትል ያልበላው፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ ቡቃያ መሆን አለበት። ዝም ብሎ የተተወ ቁጥቋጦ ይህን አይሰጥም። ያረጃል፤ ይቆላለፋል፤ ነፍሳት ይገቡበታል። ሲቃጠል ግን ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ቀጥ ብሎ ይተኮሳል። ከአንድ ወይም ሁለት የዕድገት ወቅት በኋላ ለመልቀም ይደርሳል። የድብ ሣሩም እንደዚሁ ነው፤ ከእሳት በኋላ የሚወጣው ቅጠል ጠንካራም ለስላሳም ነው። የኦክ ዛፉ ሥር ያለው ቅጠል ሲቃጠል ደግሞ ፍሬውን የሚበላው ትል ይቀንሳል።

ስለዚህ ካሩኮች ያቃጥሉ ነበር። በዘፈቀደ አይደለም። ወቅቱን፣ እርጥበቱን፣ ነፋሱን ያውቃሉ። እሳቱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ትልልቁን ዛፍ አይነካም። ሴቶች የሚለቅሙበትን ቦታ ራሳቸው ያቃጥሉ ነበር። የዓለም ማደሻ በሚሉት ዓመታዊ ሥርዓታቸው ላይ እንኳ ተራራ ላይ እሳት መልቀቅ ነበረበት።

ይህ ነው የተከለከለው። ካሊፎርኒያ በ1850 ያወጣችው የሕንዶች ሕግ ሣር ሜዳ ማቃጠልን በቅጣት አገደ፤ ያው ሕግ ነው የነባር ሕዝብ ልጆችን ለነጮች አገልጋይነት ለመስጠት በር የከፈተው። በ1905 የክላማት ደን የፌዴራል መንግሥት ጥብቅ ደን ሆነ። በ1911 የወጣው ሕግ እሳት መከላከልን በገንዘብ ደገፈ። በ1918 በኦርሊንስ አካባቢ የነበረ አንድ የደን ኃላፊ በጻፈው ደብዳቤ እሳት የሚለኩሱ ሕንዶችን በጥይት መተኮስ እንደ መፍትሔ አነሣ። በ1935 ደግሞ የደን አገልግሎቱ አንድ ደንብ አወጣ፦ ማንኛውም እሳት በታየ ማግስት፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መጥፋት አለበት።

ዓመቶቹን ከኤልዛቤት ዕድሜ ጋር አስተያዩዋቸው። ልጅ ሳለች የወንዙ ሴቶች ገና ያቃጥሉ ነበር። ለኒኮልሰን የሠራችበት ከ1908 እስከ 1934 ያለው ጊዜ በትክክል እገዳው የጠበቀበት ጊዜ ነው። በዓለም የታወቁት ሙዳዮች የተሠሩት የሙያው ጓዳ ቀስ በቀስ በሚዘጋበት ዘመን ነው። ሉዊዝ የወረሰችው የእናቷን እጅ ነው፤ የእናቷን ተራራ ግን ሙሉ በሙሉ አልወረሰችም። ከሷ በኋላ የመጡት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው ያገኙት። ልጆች ሙያውን ናቁ፣ ዘመናዊነት መጣ እየተባለ የሚጻፈውን ሳነብ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። እጁ ኖሮ እንጨቱ ከሌለ ማን ምን ይጎነጉናል?

ከዚያ የአረም መድኃኒቱ መጣ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የደን ኩባንያዎችና የደን አገልግሎቱ ቁጥቋጦ ለማጥፋት ፀረ አረም ኬሚካል ይረጩ ነበር። ለነሱ ሄዝል አረም ነው። ለቅርጫት ሠሪዋ ግን አፏ ውስጥ የምትይዘው እቃ ነው። ሥር በጥርስ እንደሚሰነጠቅ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተው የካሊፎርኒያ ሕንድ ቅርጫት ሠሪዎች ማኅበር አንገብጋቢ ጉዳዮቹ እነዚህ ነበሩ፦ ርጭቱ ይቁም፣ መልቀሚያ ቦታ ይከፈት፣ እሳቱ ይመለስ። የቅርጫት ማኅበር ስለ ደን ፖሊሲ ለምን ይከራከራል ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

መቶ ዓመት ያልተቃጠለ ደን ውስጡ ነዳጅ ያከማቻል። በመስከረም 2020 ስሌተር የተባለው እሳት ሃፒ ካምፕን መታ። ሁለት መቶ ገደማ ቤቶች ወደሙ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ቤት ውስጥ የነበረ የአያት የቅድመ አያት ቅርጫት አብሮ ነደደ። ይህ እሳት ሄዝልን የሚያድሰው እሳት አይደለም።

የቀረው ምንድን ነው?

የሂኮክስ ቤተሰብ ውርስ ሲባል ሁለት ቦታ ላይ ያለ ነገር ነው።

አንደኛው ሙዚየም ውስጥ ነው። የኤልዛቤትና የሉዊዝ ሥራዎች ከመዝገባቸው ጋር መቀመጣቸው ለዛሬ ቅርጫት ሠሪዎች ጥቅም አለው። አንዲት ባለ ሙያ መሳቢያ አስከፍታ የጌጡን ሒሳብ መቁጠር ትችላለች፤ ጉልላቱ እንዴት እንደተነሣ ማየት ትችላለች። ግን ችግር አለበት። ሙዚየሞች ድሮ ነፍሳትን ለመከላከል አርሴኒክና ሌላ መርዝ ይጠቀሙ ነበር። ከሙዚየም የተመለሱ ቆቦችና የጭፈራ እቃዎች ተመርምረው መርዝ የተገኘባቸው አሉ። በጓንት የሚያዝ ቆብ ራስ ላይ አይደረግም።

ሁለተኛው ወንዙ ዳር ነው። ካሩኮች ዛሬም ይጎነጉናሉ። ሕፃን ይታዘልበታል፤ ቆቡ በሥርዓቱ ቀን ይደረጋል። ከ2014 ጀምሮ ኦርሊንስ አካባቢ በየመከሩ ለእሳት ሠራተኞች ሥልጠና ይካሄዳል። የካሩክ ጎሳ፣ የአካባቢው ድርጅቶችና ከሌላ ቦታ የመጡ ሰልጣኞች አብረው ያቃጥላሉ። ከሚያቃጥሉት ቦታ ውስጥ ለሄዝል ተብሎ የሚመረጥ አለ። ሴቶቹ በሁለተኛው ጸደይ ቢላቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ሕጉም እየተለወጠ ነው። ካሊፎርኒያ በ2021 ባወጣችው ሕግ በጥንቃቄ የሚያቃጥሉ ሰዎች እሳቱ ቢያመልጣቸው የማጥፊያውን ወጪ እንዳይጠየቁ ከለላ ሰጠች። በ2024 ሌላ ሕግ ወጣ፤ በፌዴራል መንግሥት የታወቁ ጎሳዎች ከክልሉ ጋር ተስማምተው የባህል እሳታቸውን በራሳቸው ኃላፊነት እንዲመሩ ይፈቅዳል። በየካቲት 2025 ይህን ስምምነት ከሁሉም ቀድሞ የፈረመው የካሩክ ጎሳ ነው። በስምምነቱ መሠረት ጎሳው ለእያንዳንዱ እሳት የክልሉን ፈቃድ መጠበቅ አይኖርበትም።

ስምምነቱ የሚሸፍነው ግን የክልሉን ሥልጣን ብቻ ነው። የካሩክ ነባር አገር ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ዛሬ የክላማትና የሲክስ ሪቨርስ ብሔራዊ ደን ተብሎ በፌዴራሉ የደን አገልግሎት እጅ ነው። እዚያ መሬት ላይ ሄዝል ለማቃጠል የሚያስፈልገው ፈቃድ ሌላ ነው፤ ድርድሩም ከዋሽንግተን ጋር ነው።